ልጁን ያስራበው ጎሚስታ

ልጁን አስርቦ ሊገድል የነበረ አባት ተብዬ በመዝገብ ተጽፌአለሁ። አላስራብኳትም። በሕይወቴ ብዙ ጥፋት አጥፍቻለሁ፤ ሰው ተሳድቤአለሁ፣ ተማትቼአለሁ፣ የወንድሜን ቀብር ተኳርፌ ቀርቻለሁ። ከነዚህ አንዱንም የጻፈብኝ የለም። ያላደረግሁትን አንድ ነገር ግን ስሜን ከነአያቴ ጠቅሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጻፉት፤ ሃያ ዓመት ተሸክሜው ዞርኩ።

ይህን አሁን ያስጻፈኝ ሽታ ነው። ባለፈው ሰሞን ከምኖርበት ከሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ደረጃውን ወርጄ ስወጣ፣ ልብስ በሚሰጣበት በኩል ሴቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ክብ ሠርተው ተቀምጠዋል። ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ እግር ባለሙያ ቡታጋዝ ላይ ድስት ጥዳ ታማስላለች። የተቆላ ገብስና አተር ዱቄት፣ የተፈቀፈቀ ካሮት፣ መጨረሻ ላይ ተሰብሮ የሚገባ እንቁላል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው እግሬ ቆመ። «አባባ፣ ይምጡ ይቅመሱ! ለልጅ ልጅዎ ይማሩ» አለችኝ። ፈገግታዋ ደህና ነው። እኔ ግን በአንድ እጁ ማንኪያ በሌላው መዝገብ የያዘ ሰው አላምንም። «ስሜን አትጽፊም?» አልኳት። «ኧረ አልጽፍም አባባ፣ ምን ሆነው ነው?» ሴቶቹ ሳቁ። ቀመስኩ። ያው ነው። ጨው የለውም።

ያኔ የምንኖረው ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ አምስት ቤተሰብ አንድ ቧንቧና አንድ ሽንት ቤት በሚጋራበት ግቢ ውስጥ ነበር። ሥራዬ ኦሎምፒያ፣ ከመንገዱ ዳር፣ በቆርቆሮ የተከለለ ጎሚስታ ቤት። ሰማያዊ ቱታ ለብሼ፣ ኮንጎ ጫማ ተጫምቼ የመኪና ጎማ ስነቅልና ስለጥፍ እውላለሁ። ዛሬ እዚያ ቦታ መስታወት በመስታወት የሆነ ካፌ ቆሟል፤ አንድ ማኪያቶ በምን ያህል እንደሚሸጡ ስሰማ ሳልጠጣ ነው የወጣሁት። ያኔ በስሙኒ ዳቦ ገዝቼ፣ በሻይ አንክሬ፣ ጠግቤ እስከ ማታ እውል ነበር። ወያላው «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጮኻል፤ ገብተህ ስታይ አምስት ሰው ይቀረዋል። ውሸት እንኳ ያኔ እንዲህ በግልጽ ነበር። ካዛንቺስ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ የጣሊያን ጊዜ የእንጨት በረንዳዎች፣ ቀይና አረንጓዴ አምፖል የሰቀሉ ቡና ቤቶች፣ ቀን ቀን በር ላይ ቁጭ ብለው ጸጉር የሚሠራሩ ሴቶች፣ ከየቤቱ የሚወጣ የኪቦርድ ዘፈን አንዱ ከአንዱ ተደባልቆ። ዛሬ ግማሹ ፈርሶ በቆርቆሮ ታጥሯል። አላዝንም። ግን መንገድ ሳቋርጥ ጆሮዬ ዘፈኑን ይፈልገዋል።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ልበል። የፈነዳ ካላማዳሪ፣ የጎማው የውስጥ ላስቲክ፣ ሲመጣልህ ንፍት ታደርግና በርሜል ውኃ ውስጥ ትነክረዋለህ፤ አረፋ ከፈላበት ቀዳዳው እዚያ ነው። አትከራከርም፣ አትጠረጥርም፤ ታያለህ። የሰው ቀዳዳ ግን አረፋ የለውም። ስለዚህ ሰውን ሁሉ እጠረጥራለሁ። ከአገር ቤት ልጅ ሆኜ ስመጣ ጀምሮ እንዲህ ነኝ፤ ፊደል አልቆጠርኩም ነበርና ሰው ያለኝን ከማመን ወይ ካለማመን ሌላ መንገድ አልነበረኝም። አለማመኑ ይሻላል ብዬ ያዝኩት።

ሚስቴ አስካለ ሰናይትን የወለደች ሰሞን ሲስተር ገነት የምትባል የጤና ባለሙያ ቤት ለቤት ትዞር ነበር። አጭር፣ ፈርጠም ያለች፣ በጃንጥላ የምትመረኮዝ ሴት ናት። ገብታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለችና ለአስካለ እንገሩን እንዳትደፋው፣ ያ ቢጫው ወተት የመጀመሪያው ክትባት ማለት እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«አቶ ወልዴ፣ ስድስት ወር ሙሉ ጡት ብቻ ነው።»

«ውኃስ?»

«ውኃም የለ።»

«ቅቤስ? እኔን እናቴ ቅቤ እያላሰች ነው ያሳደገችኝ።»

«ቅቤም የለ፣ የአብሽ ውኃም የለ።»

«ጸበልስ?»

እዚህ ላይ ትንሽ አሰበች። «እሱን ከቄሱ ጋር ተነጋገሩበት፤ ብቻ ጠብታ ትሁን» አለች። አስካለ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ምን ፈልጋ ነው? እላለሁ በልቤ። በነፃ ጫማዋን ጨርሳ መጥታ ሚስቴ ምን እንደምትጠጣ፣ ምን እንደምትበላ፣ እኔ ስጋ ስገዛ ለማን እንደማደርስ ትጠይቃለች። «የምታጠባ ሴት ከሌላው ጊዜ አንድ ማዕድ ጨምራ ትበላለች፤ ይህ የእርስዎ ሥራ ነው» ብላኝ ወጣች። ማለቴ፣ ነገሩ ልክ ነው። ልክ ነገር የሚናገር ሰው ነው ይበልጥ የሚያስጠረጥረኝ። ቢሆንም በማግስቱ እንቁላል ገዝቼ ገባሁ። ይህ ይመዝገብልኝ፤ የመዘገበልኝ ግን የለም።

ረቡዕ ረቡዕ ቀበሌው ግቢ ውስጥ የሕፃናት ሚዛን ይሰቀላል። ከበረንዳው ወራጅ ላይ ሰዓት የመሰለ ክብ ሚዛን ይንጠለጠላል፤ ልጁን የሸራ ቁምጣ ያለብሱትና ከመንጠቆው ላይ ያንጠለጥሉታል፤ እግሩን እያወራጨ ይጮኻል። አንዷ በጎ ፈቃደኛ ቁጥሩን ታነብና ወዲያ ማዶ መዝገብ ይዛ ለተቀመጠችው ትጮኽላታለች፤ «ሰባት ከሁለት መቶ! የእንትና ልጅ!» ግቢው ሙሉ ይሰማል። በእኛ አገር የሚመዘን ነገር የሚሸጥ ነገር ነው፤ ሰው በሚዛን አይሰቀልም። ልጃቸው የወፈረላቸው እናቶች የሰው ዓይን ይበላብናል ብለው ይፈራሉ፤ የከሳባቸው ደግሞ ሌላ ወሬ ይፈራሉ። ያኔ በሰፈሩ «የከሳ ልጅ ካገኙ ወስደው ማሳደጊያ ያስገቡታል፣ ከዚያ ለፈረንጅ ነው» ይባል ነበር። ማን እንዳለው አይታወቅም። ሁሉም አመነ። እኔም፣ ማንንም የማላምነው ሰውዬ፣ ያንን አመንኩ።

ከጎናችን ባለው ግቢ ዘርፌ የምትባል ሴት አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖር ነበር። ካዛንቺስ ቡና ቤት ነው የምትሠራው። ጠባብ ጂንስና ነጭ ሸራ ጫማ አድርጋ ስትወጣ ሰፈሩ አንገቱን ያዞራል። ከአስካለ ሁለት ሳምንት ዘግይታ ሴት ልጅ ወለደች፤ አባቷ አይታወቅም። አስካለ አጥሚት ልትወስድላት ስትል አየኋትና «ከዚያች ሴት ጋር እንዳላይሽ» አልኳት። ዝም አለች። ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። ሞኝነቴ እሱ ላይ ነው።

ሰናይት ስምንት ወር ሲሆናት እንደ እንጀራ ሊጥ ኩፍ ያለች፣ አንጓዋ ላይ ክር የታሰረባት የምትመስል ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ከቀትር በፊት ክሪክ ካነሳው መኪና ሥር ተጋድሜ ሳለሁ ሁለት ጥንድ የሴት እግር ከፊቴ ቆመ። ወጣሁ። አንዷ ሚዛን ላይ የምትጮኸዋ በጎ ፈቃደኛ ናት፤ ሌላዋ መዝገብ ይዛለች። አራት ሹፌር ጎማውን እየጠበቀ ነው።

«የሰናይት አባት እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ምን ሆነች?»

«ልጅዎ ከቀዩ መስመር በታች ናት። ሦስት ረቡዕ ተመዘነች፣ በሦስቱም ጊዜ ክብደቷ አምስት ኪሎ አልሞላም። እናቷን ምን ያበሏታል?»

«የኔ ልጅ? የኔ ልጅ እኮ እንደ ኩንታል ናት! ተሸክሜያት ወገቤን ያመኛል!»

ሴቶቹ ተያዩ። ያንን መተያየት አልረሳውም። «አባቶች ሁሌ እንዲህ ይላሉ» አለች ባለመዝገቧ፣ ለጓደኛዋ፣ እኔ እንደሌለሁ። «ካርዱ ይኸው፤ ያንብቡት።» ዘረጋችልኝ። ምኑን ላንብበው? ጠመዝማዛ መስመር አየሁ፤ ቀይ ቀለም አየሁ። ሹፌሮቹ እያዩኝ ነው። «አይቼዋለሁ» ብዬ መለስኩላት። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ኦሎምፒያ ላይ ስሜ ጠፋ። አንዱ ወያላ፣ አፉ ይድረቅና፣ «ቀን ሙሉ የሰው ጎማ ይነፋል፤ ልጁን ግን አስተንፍሷታል» አለ። ሰው ለመሳቅ ምን ይፈልጋል? እስከ ቂርቆስ ድረስ ደረሰ። ሥጋ ቤት ገብቼ ግማሽ ኪሎ ሳዝዝ ባለ ሥጋው «ለቤት ነው ወይስ እዚሁ ትበላዋለህ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሁሉንም የሚጠይቀው ነገር ነው፤ እኔን ሲጠይቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ቤት ገብቼ አስካለን አፋጠጥኳት። «ሚዛናቸው ተበላሽቶ ይሆናል» አለች ፊቷን አዙራ፣ ሽንት ጨርቅ እያጠፈች። «አርፈሽ ተቀመጪ፣ ሁለተኛ እዚያ አትሄጂም» አልኳት። እኔ ደግሞ ሌላ ጠረጠርኩ፤ ሥራቸውን ለበላይ ለማሳየት የከሳ ልጅ ቁጥር ጎድሎባቸው በኔ ልጅ ሞሉት ብዬ። በዚህ አሳብ ሁለት ወር ያህል ተብሰለሰልኩ። ከዚያ አንድ ረቡዕ ሥራዬን ትቼ መጣሁና ሰናይትን ብድግ አደረግኋት። አስካለ በሩ ላይ ተደነቀረች። «የሰናይት አባት፣ በእናትህ ተው! በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ትሰቅላታለህ? ዓይን ይበላታል!» «ይብላት!» አልኳትና ወጣሁ። እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ ብያለሁ።

ቀበሌ ግቢ ስደርስ ከእኔ በቀር ወንድ የለም። ሻሿን ገፍፌ፣ ለሁሉም እንድትታይ ከፍ አድርጌ፣ ራሴ ሚዛኑ ላይ ሰቀልኳት። «ጩኺው!» አልኳት በጎ ፈቃደኛዋን። «አስር ከመቶ!» ጮኸች። አለቀ፣ ስሜ ጸዳ ብዬ ደረቴን ነፋሁ። በዚህ መሃል ባለመዝገቧ ከወንበሯ ተነስታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «እልል በሉ! አያችሁ? ትምህርቱ ሠራ! ከቀይ ወደ አረንጓዴ!» እናቶቹ እልል አሉ። አጨበጨቡልኝ። «ኧረ ድሮም እንዲህ ናት!» እያልኩ ብጮኽ ማን ይሰማኛል? ሲስተር ገነት ብቻ አላጨበጨበችም። መጥታ የሰናይትን ጆሮ በጣቷ ነካች፤ አስካለ በአርባ ቀኗ ያስበሳቻትን ጆሮ። ግራውን አየች፣ ቀኙን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ጃንጥላዋን አንስታ ሄደች።

ማስረጃዬን ይዤ ብመጣ ማስረጃቸው አደረጉት። ከዚያ በኋላ በደሉ ከነዘውዱ ሆነ። አባቶችን ሰብስበው ገንፎ አሠራር ሲያስተምሩ ከፊት አስቀመጡኝ፤ «ይህ አባት ከስህተቱ ተምሯል» እያሉ። ድስት አስይዘው አማሰሉኝ። የሰፈሩ ወንድ ሁሉ እየመጣ «ወልዴ፣ ውኃው መቼ ነው የሚገባው?» ይለኛል፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ። በመጨረሻ አዳራሽ ውስጥ ወረቀት ሰጡኝ፤ ማዕዘኑ ላይ ማኅተም ያለው። ጎሚስታ ቤት ወስጄ ለአለቃዬ ሰጠሁት። «ምን ይላል?» አየው፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ «ሞዴል አባት ይላል፤ ጥሩ ነው፣ ስቀለው» አለኝ። እኔ ግን መስመሮቹን ቆጠርኳቸው፤ አራት ናቸው። እሱ ያነበበው ለአራት መስመር አይበቃም። የቀረውን ምን አደረገው? ሰው አንብቦ ሲጨርስና ደብቆ ሲያቆም ፊቱ ይለያል።

ፊደል የቆጠርኩት ለዚህ ነው። በእልህ። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጠዋት ጎልማሶችን የሚያስተምሩበት ክፍል ገባሁ፤ ከልጅ መቀመጫ ላይ ጉልበቴ አገጬን ሊነካ ይደርሳል፤ ጣቴ ከጎማ ጥላሸት ጠርቶ አያውቅምና ደብተሬ ሁሉ አሻራ ነው። አንድ ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ከዚያ ወረቀቱን ከሳጥን አውጥቼ በጣቴ እየተከተልኩ ራሴ አነበብኩት፤ ልጃቸውን በምግብ ይበድሉ የነበሩና በተሰጣቸው ትምህርት የታረሙ አባት ይላል። ስሜ ከነአባቴ ከነአያቴ። እንግዲህ ማንበብ ብርሃን ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ያየሁበት ይህንን ነው። ወረቀቱን አቃጠልኩት፤ መዝገቡን ግን ማን ያቃጥልልኛል? ከዓመታት በኋላ ይሰረዝልኝ ብዬ ሄጄ ነበር። ቀበሌው ወረዳ ሆኗል፣ ቢሮው ተዛውሯል። «ምን ዓይነት መዝገብ ነው ፋዘር?» አለኝ ኮምፒውተር ፊት የተቀመጠው ወጣት። «የሚዛን።» «የምን ሚዛን?» ተውኩት። ወረቀቱ ጠፍቶ ወሬው ብቻ ቀረ። ወረቀትስ ይሰረዛል።

ዓመቱ ሄደ። ሰናይት ተማረች፣ አገባች። ዘርፌና ልጇ ምሕረት ከሰፈሩ ለቀው ካዛንቺስ ገቡ፤ ዘርፌ ቡና ቤቱን ትታ ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍታለች ሲባል ሰማሁ። ግቢያችን ፈረሰ፤ እኛም ሰንጋ ተራ፣ አራተኛ ፎቅ ወጣን። በሬ ይነዳበት የነበረው ሜዳ ላይ ሰው በሰው ላይ ተደርድሮ ይኖራል። ጎረቤቶቼ ድሮዬን አያውቁም ብዬ ደስ አለኝ። ይሁንና አንድ ቀን ደረጃው ላይ አንዱ የድሮ የቂርቆስ ሰው አይቶኝ ጎንበስ ብሎ ለሚስቱ ሲያንሾካሹክ አየሁ። ምን እንዳላት አልሰማሁም። መስማት አያስፈልገኝም።

እንዲህ እያለ አንድ እሑድ ከሰዓት በር ተንኳኳ። ዘርፌ ናት። ጸጉሯ ሸብቷል፣ ነጠላ ለብሳለች። ከኋላዋ አንዲት ቀጭን፣ ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትቆም ልጅ አለች። አስካለ አንደኛዋን ስታይ ሳይሆን ሁለተኛዋን ስታይ አለቀሰች። ጠረጠርኩ። ቁጭ አሉ። ዘርፌ መሬት መሬት እያየች ጀመረች።

«ጋሽ ወልዴ፣ ያኔ ረቡዕ ረቡዕ ትመዘን የነበረችው ሰናይት አይደለችም። ይህችው ናት። ምሕረት ናት።»

ልጅቷን ከእግር እስከ ራሷ አየኋት።

«ስወጣ ስኳር ውኃ በጡጦ አድርጌ ትቼላት እሄድ ነበር። ወተቴ ነጠፈ። ልጄ አለቀች። ባል የለኝም፣ ሥራዬ ያ ነው፤ ብወስዳት ይቀሙኛል ብዬ ፈራሁ። አስካለ ናት ‹ባል ያላትን ሴት ልጅ ማን ይወስድባታል? በእኔ ካርድ ትመዘን› ያለችኝ። ሻሽ ሸፍና፣ ሰናይት ናት ብላ ወሰደቻት። ሲስተር ‹እስቲ ስታጠቢያት ልይ› አለቻት። ምን ታድርግ? ጡቷን ሰጠቻት። ልጄ ያዘች። ከዚያን ቀን በኋላ ሁለቱንም ነው ያጠባቻቸው። ሲስተርም የምሕረት ጆሮ እንዳልተበሳ አስታውሳ ነገሩን አንድ ቀን ደርሳበት ቤቴ ድረስ መጣች፤ ‹አልቀማሽም› አለችኝ፣ አስተማረችኝ፣ ወተቴ ተመለሰ። ለማንም አልተናገረችም።»

አስካለን ዞሬ አየኋት። «አንቺ! ሃያ ዓመት ሙሉ ስሜ ሲበላሽ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ» አለች። «ሳጠባ። አንተ ከዚያች ሴት ጋር እንዳላይሽ ብለኸኝ አልነበር? ብነግርህ በሩን ትዘጋባት ነበር። አትዘጋም?»

መልስ ሲያጥረኝ የማደርገውን አደረግሁ፤ ጮኽኩ። «እና ዛሬ ምን ፈልጋችሁ መጣችሁ? በነፃ አልመጣችሁም!»

በነፃ አልመጡም። ምሕረትን የሚፈልግ ልጅ አለ፤ ሽማግሌ ሊላክ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ አባት ይጠይቃል። ጡት ያጠባቻት አስካለ ከሆነች እኔ የጡት አባቷ ነኝ ማለታቸው ነው። ሳቅሁ፤ ጥሩ ሳቅ አልነበረም። «ያኔ የረሃብ አባት አደረጋችሁኝ፤ ዛሬ ደግሞ የሠርግ አባት! እሺ። ስሜን በሰው ፊት አጠፋችሁት፣ በሰው ፊት መልሱልኝ። በሽማግሌዎቹ ፊት እውነቱን ተናገሪ፤ ያኔ እሆናለሁ።»

«እናገራለሁ» አለች ዘርፌ ወዲያው። ፊቷ ግን አመድ መሰለ። ልጅቷ ተነሳች። «አባባ፣ ካልፈለጉ ይቅር። አንዴ ሳላውቅ ቤትዎን ተውሼ አድጌአለሁ፤ አሁን እያወቅሁ ለምኜ አልዋስም። እማዬ፣ ተነሺ።» አነጋገሯን ወደድኩት። አልነገርኳትም። ሲወጡ አስካለ በሩን ዘግታ ቆመች። «የልጁ ቤተሰብ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ናቸው። ዘርፌን ባሏ የሞተባት ነጋዴ ብለው ነው የሚያውቋት። አንተ ስምህ ይጸዳል። የልጅቷስ?» አለችኝ። ሦስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን «ይምጡ በያቸው» አልኳት። ምን እንደምል ግን ለማንም አልተናገርኩም። ለራሴም።

ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፤ ጋቢ ደርበው፣ አራት ፎቅ ወጥተው እያለከለኩ። ተቀመጡ ስንላቸው «ጉዳይ አለን፣ አንቀመጥም» ብለው እንደ ወጉ ቆሙ። እኔ የሰናይት ሠርግ ላይ የለበስኩትን ኮት ለብሼ በአባት ቦታ ተቀምጫለሁ። ሴቶቹ ጓዳ ናቸው። ትልቁ ሽማግሌ፣ ጋሽ ታደሰ የሚባሉት፣ «የተከበሩ አቶ ወልዴ...» ብለው ጀመሩና መሃል ላይ ቆሙ። አይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና... እርስዎን የት ነው የማውቅዎት? እኔ የኦሎምፒያ መስመር ታክሲ ነድቼ ነበር።» አገጫቸውን አሹ። «ያ... ልጁን ያስራበው ጎሚስታ የሚሉት...» ብለው አቆሙ፤ እንደተናገሩ ቆጫቸው።

ሃያ ዓመት የጠበቅሁት ጥያቄ ይኸው በራሱ እግር አራተኛ ፎቅ ወጥቶ መጣ። መልሱ ምላሴ ላይ ነው። ከጓዳው መጋረጃ ሥር ጫፉ የሚታይ አንድ የሴት ጫማ አለ፤ የማን እንደሆነ አላውቅም፤ አይንቀሳቀስም። እውነቱን ብናገር ያ ጫማ ምን እንደሚሆን አሰብኩ። ማሰብ አልፈለግሁም ነበር። አሰብኩ።

«ነኝ» አልኩ። «ምን ይሁን?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። መጋረጃው ተገለጠና ዘርፌ ወጣች። በእንዲህ ያለ ቀን የሙሽሪት እናት ከሽማግሌ ፊት አትቆምም፤ ቆመች።

«አይደለም» አለች። «ይህ ሰው ልጁን አላስራበም። የተራበችው የእኔ ልጅ ናት። እኔ ካዛንቺስ ቡና ቤት እሠራ ነበር። ባል ሞቶብኝ አይደለም፤ ባል አልነበረኝም። ልጄ ልትሞት ስትል የእሱ ሚስት ጡት ሰጠቻት፤ የእሱ ስም ከለላት። ኃጢአቴን እሱ ተሸክሞ ኖረ። ስትጠይቁት ዛሬም ሊሸከም ነው። እኔ ግን በቃኝ።»

ጋሽ ታደሰ ሁለቱን ጓዶቻቸውን ጠቅሰው ወደ ውጭ ወጡ። በሩ ተዘጋ። ኮሪደሩ ላይ ድምፃቸው ይሰማል፤ የሚሉት አይለይም። ዘርፌ ግድግዳ ይዛ ቆማለች። ሄዱ አልኩ በልቤ፤ ሰው ነው፣ ይሄዳል። ስሜ ጸድቶልኛል፤ ደስታው ግን የት እንዳለ ፈልጌ አጣሁት። አስካለ ወጥታ አጠገቤ ቆመች። ያንን ያህል ዓመት ስንኖር ትከሻዬን በሰው ፊት ይዛኝ አታውቅም።

በሩ ተንኳኳ። ገቡ። ጋሽ ታደሰ ባርኔጣቸውን አውልቀዋል። መጀመሪያ ወደ ዘርፌ ዞረው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ቅድም የወጣው ቃል ከአፌ መመለስ አይችልም፤ ይቅር ይበሉኝ» አሉ። «በየደረስኩበት እነግራለሁ። ሌላው ጉዳያችን እንደነበረ ነው። አቶ ወልዴ፣ ልጅዎን ምሕረትን ለልጃችን ይስጡን።»

«ተቀመጡ» አልኳቸው። ተቀመጡ።

እሑድ፣ ጥቅምት አምስት ቀን፣ ሁለት ሺህ አስር ዓመተ ምሕረት።